ሥልጠናው ያልለወጠው ዋርድ፦ ከርክክቡ ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ባለ 28 አልጋ የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። የቀንና የማታ ተረኞች “እናንተ ናችሁ፣ እነሱ ናቸው” ሲባባሉ ይውላሉ። ነርሶችና ኢንተርኖችም (ልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ ሐኪሞች) አይናበቡም። በቅርቡ አንዲት የስኳር ታካሚ የፖታሲየም ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማታ ደርሶ ሳለ ሐኪሙ ያወቀው ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት) ላይ ነው፤ ፖታሲየምን ይበልጥ የሚያወርደው ኢንሱሊን ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አድሯል። ከዚያ በፊት ደግሞ ራውንድ ላይ የተቀየረ የመድኃኒት መጠን ለሁለት ቀን በአሮጌው ተሰጥቷል። ስለ ቡድን ሥራ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደን ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ተሳሳቅን፣ ከዚያ ወደነበርንበት ተመለስን። ሌላ ሥልጠና ልጠይቅ ወይስ ሰዎቹን ላቀያይር?»

ምላሽ፦ ሲስተር፣ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት።

የጻፏቸው ሁለት አጋጣሚዎች ላይ ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ፖታሲየሙን ለክቷል፣ ሐኪሙ ውጤቱን ቢያይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ነርሷም ኢንሱሊኑን የሰጠችው በታዘዘው ፍጥነት ነው። የተበላሸው ነገሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው። የመድኃኒቱም ጉዳይ እንደዚያው ነው፤ ሐኪሙ ወሰነ፣ ጻፈ፣ የጻፈው ግን መድኃኒቱን ለምትሰጠው ነርስ አልደረሰም። ሥልጠናው የነካው የሰዎቹን ስሜት ነበር፤ መተላለፊያውን ግን እንዳለ ተወው። ጠዋት የገባች ነርስ ባዶ የመድኃኒት ሰንጠረዥ፣ ያለቀ ግሉኮስና ማንም ያልነገራት የላቦራቶሪ (በአጭሩ «ላብ») ውጤት ከጠበቃት፣ ያደረችውን ባልደረባዋን ብትወቅስ አይፈረድባትም። ርክክቡ፣ ማለትም ተረኛ ለተረኛ ታካሚዎቹን የሚያስረክብበት መንገድ፣ ሲስተካከል ኩርፊያው አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይቀላል።

ለዚህ ማስረጃ አለ። በአሜሪካና በካናዳ 9 ሆስፒታሎች የሕፃናት ሕክምና ክፍሎች ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 10,740 የተኝቶ ታካሚ ቆይታዎችን ተከታትሎ፣ የሐኪሞች ርክክብ አንድ ወጥ መልክ ሲይዝ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አይ-ፓስ የሚባለው አሠራር ነው። እዚያም ሥልጠና ነበረ፤ ነገር ግን ሥልጠናው ስለ አንድነትና ስለ መከባበር ሳይሆን ርክክቡን ራሱን ስለመለማመድ ነበር፣ ከዚያም ኃላፊዎች ርክክቡን ቆመው እየታዘቡ ያርሙ ነበር። ለአንድ ታካሚ የሚወስደው ጊዜም አልጨመረም። ይህን የምጠቅሰው «ጊዜ የለንም» የሚለው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚገጥምዎት ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አይለውጡ፤ ይመልከቱ ብቻ። ጠዋትም ማታም እየተገኙ አሥር ርክክብ ይታዘቡ፣ በአንድ ወረቀት ላይም እነዚህን ይመዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ጊዜ ተቋረጠ፣ ተረካቢዋ ጥያቄ ጠየቀች ወይ፣ የሚጠበቅ የላብ ውጤት ተነገረ ወይ። የማንንም ስም አይጻፉ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ማንኛውንም አሥር ቻርት አንሥተው የመድኃኒት መስጫ ቅጹ ላይ ሳይፈረም ባዶ የቀረውን ሣጥን ይቁጠሩ። ይህ ቁጥር መነሻዎ ነው። መነሻ ከሌለዎት ከስድስት ሳምንት በኋላ «ተሻሽሏል፣ አልተሻሻለም» የሚል ክርክር ውስጥ ይገባሉ፤ ያን ክርክር ደግሞ የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ሰው ነው።

በአብዛኛው ዋርድ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ችግር የሰዓት ነው። የማታዋ ነርስ ሥራዋ 2:30 ላይ ያልቃል፣ ሰርቪሱም 2:30 ላይ ይነሣል። የቀኗ ነርስ ደግሞ 2:30 ላይ ትፈርማለች። እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙበት ደቂቃ በፕሮግራሙ ላይ የለም ማለት ነው። በሩ ላይ ሲተላለፉ የሚባባሉት «ደህና ናቸው፣ አዲስ የገባ አልጋ 14 ላይ አለ» ብቻ ቢሆን አያስደንቅም። ይህ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የፕሮግራም ጉድለት ነው፤ ማስተካከልም የሚችለው አስተዳደሩ ነው። የነርሲንግ ዳይሬክተሯን ይዘው ተረካቢዎች 30 ደቂቃ ቀድመው እንዲገቡና ይህም በሥራ ሰዓት እንዲታሰብ ይጠይቁ። ካልታሰበ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማርፈድ ይጀመራል፣ ሊፈረድባቸውም አይችልም። 30 ደቂቃ የማይሆን ከሆነ ቢያንስ ሰርቪሱ 2:45 ላይ እንዲነሣ ማስደረግ አንድ ነገር ነው።

28 ታካሚ በ30 ደቂቃ እንዴት ይዳረሳል? ሁሉም እኩል ጊዜ ካልወሰደ ይዳረሳል። በአልጋ ቁጥር ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 28 መሄድ የተለመደ ስህተት ነው፤ አልጋ 3 ላይ አሥር ደቂቃ ይጠፋና አልጋ 26 ላይ ያለችው በጣም የታመመች ሴት በሩጫ ትታለፋለች። መጀመሪያ የሚያሰጉትን ያስቀድሙ። ስድስት ቢሆኑና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሰጥ 15 ደቂቃ ነው። የቀሩት 22 በግማሽ ግማሽ ደቂቃ 11 ደቂቃ ይወስዳሉ። ድምር 26። የሚያሰጉት አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ይሁን፤ ድሪፑ፣ ካቴተሩ፣ የኦክስጅኑ መጠን በዓይን ይታያል። የቀሩትን ዴስኩ ላይ መጨረስ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የኤችአይቪ ውጤት፣ የካንሰር ምርመራና ቤተሰቡ ገና ያልሰማው ነገር አልጋ አጠገብ ጮክ ተብሎ አይነገርም። አጎራባቹ ታካሚና አስታማሚው ሁሉንም ይሰማሉ። በጣት ቻርቱ ላይ ማሳየት ይበቃል።

አሁን ወደ ይዘቱ። አምስት ነገር ይበቃል፦ ምን ያህል ታሟል፣ ማን ነው በምን ገባ፣ ምን ሥራ ቀረ፣ ምን ሊከሰት ይችላል ያኔስ ምን ይደረግ፣ በመጨረሻም ተረካቢው ያሉትን መልሶ ይበል። የእርስዎን የስኳር ታካሚ ዓይነት፣ ዲኬኤ የሚባለው ድንገተኛ የስኳር በሽታ መዘዝ ያለባት፣ አልጋ 9 ላይ አለች እንበል። አሁን ባለው ልማድ ማታ 11:30 ላይ የሚባለው ይህን ይመስላል፦

«አልጋ 9 ደህና ናት፣ ኢንሱሊን ላይ ናት፣ ፍሉይዷ እየሄደ ነው፣ ላብ ተልኳል።»

ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስከፍለው «ላብ ተልኳል» የሚለው ሐረግ ነው፤ ምን ተላከ፣ መቼ ይደርሳል፣ ማን ያመጣዋል፣ ከመጣስ በኋላ ምን? በአዲሱ መልክ እንዲህ ይሆናል፦

«አልጋ 9 ታሰጋለች። የ46 ዓመት ሴት ናት፣ ዛሬ ጠዋት በዲኬኤ ገባች። ኢንሱሊን በሰዓት 5 ዩኒት እየሄደ ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ስኳሯ 290 ነበር። የቀረው ሥራ፣ ስኳር በየሰዓቱ፣ ቀጣዩ 12 ሰዓት። ፖታሲየም 10 ሰዓት ላይ ተልኳል፣ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። ዝቅ ብሎ ከመጣ ኢንሱሊኑ መቆም ሊኖርበት ስለሚችል እስከ ራውንድ አይቆይም፣ ለተረኛው ሐኪም ወዲያው ደውይ። ስኳሯ ከ250 ሲወርድ ዴክስትሮስ ያለው ፍሉይድ እንዲጀመር ታዟል።»

ተረካቢዋም፦ «እሺ፣ አልጋ 9 ታሰጋለች። ስኳር 12 ሰዓት፣ ፖታሲየም 1 ሰዓት ላይ እኔ እቀበላለሁ፣ ዝቅ ካለ ወዲያው እደውላለሁ፣ ከ250 ሲወርድ ዴክስትሮስ።»

ይህ መልሶ መናገር አሥር ሰከንድ ይወስዳል፤ በጣም የሚያሳፍረውና በመጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው። «ልጅ ነኝ እንዴ?» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ከሌላው ሁሉ አንዱን ብቻ ማስቀጠል የሚችሉ ቢሆን እንኳ ይህን ያስቀጥሉ። መስማትና መረዳት መለያየታቸው የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው፤ ሥራውም ባለቤት የሚያገኘው «እኔ» የሚለው ቃል ከተረካቢዋ አፍ ሲወጣ ነው።

የነርሶችና የሐኪሞቹ መተላለፊያ ራውንድ ነው። የመድኃኒቱ መጠን ለሁለት ቀን በአሮጌው የተሰጠው ራውንዱ ላይ ታካሚዋን የያዘች ነርስ ስላልነበረች እንደሆነ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ራውንዱ የጠዋት መድኃኒት ከሚሰጥበት ሰዓት ጋር ይጋጫል፣ ነርሷ ትሮሊ እየገፋች ሐኪሞቹ በሌላኛው ጥግ ያልፋሉ። ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረው የአንደኛውን ሰዓት ያንቀሳቅሱ፤ ካልተቻለ ክፍሉን በሁለት ከፍለው የየክፍሉ ነርስ ራውንዱ ወደ እሷ ሲደርስ ሥራዋን አቁማ ትቁም። ከዚያ አንድ ደንብ ይስማሙ፦ ኦርደር ሺት (የሐኪም ትእዛዝ መጻፊያ ቅጽ) ላይ አዲስ ነገር የጻፈ ሐኪም ጽፎ አይሄድም፣ «አልጋ 12፣ ሴፍትሪያክሶን ቆሟል፣ አዲስ ተጽፏል» ብሎ ለነርሷ በቃሉ ይናገራል፣ ነርሷም አሮጌውን መስመር በቀይ ሰርዛ ትፈርማለች። በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ ተጽፎ፣ ተነብቦለት፣ «ልክ ነው» ካለ በኋላ ብቻ ይፈጸም።

ከራውንድ በፊት አምስት ደቂቃ ቆሞ መነጋገር ደግሞ ብዙ ነገር ያቀላል። ኃላፊ ነርስ፣ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ኢንተርኖቹ፣ ከተቻለ የፋርማሲ ባለሙያ። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ዛሬ የሚያሰጉን እነማን ናቸው? የሚወጣ አለ? የጎደለ ምንድን ነው? ወንበር አያስፈልግም፤ ወንበር ካለ ስብሰባ ይሆናል። በየቀኑ አንድ ሰው ስሙንና ኃላፊነቱን ይናገር፣ በተለይ አዲስ ኢንተርኖች ሲመጡ። ስም የማያውቁት ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለመቀስቀስ ያስቸግራል።

ስለ ላቦራቶሪ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ፤ እሱም አስታማሚው ነው። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ናሙናውን የሚያደርሰው፣ ውጤቱን ከመስኮት የሚቀበለው፣ የሌለ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው አስታማሚው ነው። ማታ ዘመድ ወደ ቤቱ ሲሄድ ውጤቱ መስኮቱ ላይ ያድራል። ይህን በአንድ ቀን ማስቀረት አይቻልም፤ ግን ዋርዱ ውስጥ አንድ የላብ መዝገብ መክፈት ይቻላል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ አልጋ፣ የምርመራው ዓይነት፣ የተላከበት ሰዓት፣ የወሰደው ሰው፣ የሚጠበቅበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የተነገረው ሐኪም። የሚጠበቅበት ሰዓት ካለፈ በ30 ደቂቃ ውስጥ የዋርዱ ሠራተኛ ሄዶ ይጠይቃል፤ አስታማሚ አይላክም። ከላቦራቶሪው ኃላፊ ጋር ደግሞ በስልክ የሚነገሩ ውጤቶችን ዝርዝር ይስማሙ፤ ለምሳሌ ፖታሲየም ከ3.0 በታች ወይም ከ6.0 በላይ፣ ስኳር ከ50 በታች። ዝርዝሩ አጭር ይሁን። ሠላሳ ነገር ካሉበት ላቦራቶሪው አንዱንም አይደውልም።

አሁን በጣም ከባዱ ጉዳይ፣ ይሉኝታ። የማታዋ ነርስ ውጤቱን አይታ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኑ ተኝቷል፣ ባለፈው ጊዜ ቀስቅሳው «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ብሏታል፣ ስፔሻሊስቱ ዘንድ መደወል ደግሞ ድፍረት ይመስላታል። በሙያ ዕድሜ ከኢንተርኑ በአሥር ዓመት ብትበልጠውም «ዶክተር» የምትለው እሷ ነች። ይህ ዝምታ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ በአንደኛው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ማኮብኮቢያው ነፃ መሆኑን ጠይቆ ነበር፤ ዋናው ካፒቴን አረጋግጦ ሲመልስለት ዝም አለ። የአቪዬሽን ሙያ ከዚያና መሰል አደጋዎች በኋላ ታናሽ ለታላቅ እንዴት እንደሚናገር ማሠልጠን ጀመረ፣ ሕክምናውም የወሰደው ከዚያ ነው።

ስለዚህ «አትፍሩ» ማለት አይበቃም፤ የሚባለውን ቃልና የሚደወልበትን ቅደም ተከተል ይስጧቸው። ቃሉ በሦስት ደረጃ ይጠነክራል፦ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር አሳስቦኛል።» ካልተሰማ፣ «ዶክተር፣ በዚህ መቀጠሉ አልተመቸኝም።» አሁንም ካልተሰማ፣ «ዶክተር፣ ለታካሚዋ አደጋ ነው፣ እዚህ ላይ እንቁም።» ሐኪሞቹም ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው መጥቶ እንዲያይ አስቀድመው ተስማምተው ይፈርሙ። አክብሮቱ አልጎደለም፣ ማዕረጉም በቦታው አለ።

ቅደም ተከተሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ለኢንተርኑ ይደወላል፣ በ10 ደቂቃ ካልመጣ ለተረኛ ጠቅላላ ሐኪም፣ ሌላ 10 ደቂቃ ካለፈ ለስፔሻሊስቱ። መቼ እንደሚደወልም በቁጥር ይሁን፤ ከሐኪሞቹ ጋር ይወስኑት፣ ለምሳሌ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 በላይ፣ ስኳር ከ70 በታች፣ አዲስ የመጣ የንቃተ ህሊና መቀነስ። ቁጥር ሲኖር የደወለችው ነርስ ሳትሆን ደንቡ ነው የቀሰቀሰው፤ ነርሷን ከይሉኝታ የሚያወጣት ይህ ነው። ስፔሻሊስቱ ራሱ በስብሰባ ላይ «በእነዚህ ደውሉልኝ» ብሎ በአንደበቱ ቢናገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ይህን እንዲያደርግ አጥብቀው ይጠይቁት።

ስልኩ ላይ የሚባለው ደግሞ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆኑና ምን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የነበረው፣ እርስዎ ያዩት፣ የሚፈልጉት። ኤስባር የሚባለው ይኸው ነው፤ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። «ዶክተር፣ ከውስጥ ደዌ ዋርድ ነው፣ አልጋ 9 ፖታሲየሟ 2.8 መጣ። በዲኬኤ ኢንሱሊን ላይ ናት። ደክሟታል፣ ልብ ምቷ 118 ነው። ኢንሱሊኑን ላቁም ወይ፣ መጥተው ፖታሲየም እንዲያዙላት እፈልጋለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ይተዉዋታል፤ ያለ እሷ ግን ሐኪሙ «እሺ፣ ተከታተያት» ብሎ ይተኛል።

ስለ ዱቲ (የተረኝነት) ዝርዝር ባጭሩ፦ የሚለጠፈው ዝርዝርና በእውነት ያደረው ሰው ካልተመሳሰሉ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። መቀያየር ይፈቀድ፣ ግን ከ24 ሰዓት በፊት በኃላፊ ፊርማ፣ ዝርዝሩ ላይም ስሙ ተቀይሮ። ስንት ዱቲ ለማን እንደተሰጠ በወሩ መጨረሻ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ብዙ ዋርድ ውስጥ «አይግባቡም» የሚባሉ ሰዎች የተጣሉት በዱቲ ክፍያ ነው፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። የቴሌግራም ግሩፑን ለዱቲ ለውጥ ይጠቀሙበት፤ የታካሚ ስም፣ የቻርት ፎቶና ርክክብ ግን አይግባበት። ሚስጥር ይወጣል፣ «አይቶታል» ማለትም «ተረክቦታል» ማለት አይደለም።

ስህተት ሲደርስ ግምገማ አይጥሩ። በመሥሪያ ቤቶቻችን ግምገማ ሲባል ሰው ተነሥቶ የሚወቀስበት መድረክ ሆኖ ስለኖረ ሁሉም መከላከያውን ይዞ ይመጣል፤ ቀጣዩ ስህተትም ይደበቃል። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የነበሩት ሰዎች ብቻ፣ 20 ደቂቃ ይቀመጡ። መጀመሪያ የሆነው በሰዓት ቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ «የት ቦታ ላይ ነው ያለፈን?» ይጠየቅ። መጨረሻ ላይ አንድ የሚለወጥ ነገር፣ የሚያደርገው ሰው ስምና ቀን ይያዝ። አንድ ብቻ። በፖታሲየሙ ጉዳይ ይህን አሁንም ማድረግ ይችላሉ፣ ነርሷም ኢንተርኑም ባሉበት።

ይህ ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይዝላል። ምልክቱ ቅጹ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ርክክቡ ግን ስምንት ደቂቃ ብቻ መፍጀቱ ነው፤ ወረቀቱ ቤት ከመሄድ በፊት በአንድ ትንፋሽ ተሞልቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ዝርዝር ላይ የታየው ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በ8 ከተሞች ሆስፒታሎች፣ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ጭምር፣ በተደረገው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። በካናዳዋ ኦንታርዮ ግን 101 ሆስፒታሎች እንዲጠቀሙበት ከተደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት በሞት ላይ ጎላ ያለ ለውጥ አላገኘም። ወረቀቱ ያው ነበር። «1 ለ 5»ን ያየ የመንግሥት ሠራተኛ ቃለ ጉባኤው ተሟልቶ ሥራው እንዳለ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ስለዚህ እርስዎ ወይም ምክትልዎ በሳምንት ሁለት ርክክብ ቆማችሁ ታዘቡ፣ እዚያው በግል ለሁለቱ ሰዎች አንድ ጥሩ ነገርና አንድ የሚታረም ንገሩ። ቅጹ ላይ ማንም የማይጠቀምበት ሣጥን ካለ ያውጡት።

በየሳምንቱ የሚቆጥሩት ሦስት ነገር ይሁን፦ በአሥር ቻርት ያልተፈረመ የመድኃኒት ሣጥን፣ ከሚጠበቅበት ሰዓት አልፎ ለሐኪም የተነገረ የላብ ውጤት፣ ከጥሪ እስከ ሐኪም መምጣት የፈጀው ደቂቃ። በእጅ የተሣለ መስመር በሻይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይበቃል። የማታና የቀን ተረኞችን ቁጥር ለይተው አይለጥፉ፤ ያን ዕለት ውድድሩ እንደገና ይጀመራል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሥልጠና ከጠየቁ ርክክብ መለማመጃ አንድ ሰዓት ይጠይቁ፣ ነርሶችና ኢንተርኖች አብረው፣ በእውነተኛ ቻርት፣ ዋርዱ ውስጥ። ኢንተርኖች ስለሚዟዟሩ በየዙሩ መጀመሪያ መደገም አለበት። ሰው ማቀያየርን ግን ከስድስት ሳምንት በፊት አያስቡት። ከዚያ በኋላም ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ደንቡ ታውቆ፣ በግል ሁለት ጊዜ ተነግሮት ርክክብ የሚዘል ሰው ካለ፣ ያኔ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ ስለሆነ ከነርሲንግ ዳይሬክተሯ ጋር በጽሑፍ ይያዙት።